ሞተሯ ከኋላ ነው ይሉ ነበር

የመጨረሻው ተራ ቀን ጠዋት ወንድሜ መኪናውን እያጠበ ነበር። ታላቄ ነው፤ «አያ» ነው የምለው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ከጄሪካን ውሃ ያፈስባትና በአሮጌ ሸሚዝ ያብሳታል። መኪናዋ ቀይ ናት። ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ሹል፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ የጃፓን ስፖርት መኪና። በከሚሴ እንዲህ ያለች ሌላ አልነበረችም። ሰፈሩ ዲምቱ ይላታል፤ በኦሮምኛ ቀይዋ ማለት ነው።

በማግሥቱ ቤታችን ዱዓ ነበረ። ማሽላው ከገባ በኋላ እናቴ በየዓመቱ ታደርገዋለች። ዱዓውን የሚመሩት የእናቴ አጎት ናቸው፤ ሁሉም ሼሁ ይላቸዋል። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ነው የሚኖሩት። ወንድሜ «በዲምቱ ላምጣዎት» ብሎ ልኮባቸው እሺ ብለዋል። እናቴ ግን እሺ አላለችም። በሩ ላይ ቆማለች።

«በባጃጅ ይምጡ ብያለሁ።»

«ባጃጅ ሦስት እግር ነው ያላት፣ እማ። ይቺ አራት አላት። የትኛዋ ናት የምትወድቀው?»

«ባጃጅ ቁና ቁና እየተነፈሰች ነው የምትሄደው። ያንተዋ ትበራለች።»

«ስትበር አይተሻታል?»

«ቀይ አይደለች? ምን ማየት ያስፈልጋል!»

«እስቲ አንድ ቀን ግቢና እይያት።»

«መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ልሄድ? ዐይኔ ከዶሮ ዐይን እኩል ሆኖ?»

ወንድሜ በእጁ ውሃ ዘግኖ ረጫት። «ወላሂ ትመታለህ!» እያለች፣ እየሳቀች ገባች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሼሁ አንዴ ይግቡባት እንጂ። ከዚያ በኋላ ማን አፉን እንደሚከፍት አያለሁ።»

የፈለገው ይኸንን ብቻ ነበር። ሰው ስለ ዲምቱ የሚያወራው ሁሉ ልክ እንዳልሆነ፣ ሼሁ ከእሷ ሲወርዱ በዐይኑ እንዲያይለት።

ሰው ምን ይል እንደነበር ልናገር። ብዙ ነው። ስጽፈው ያስቀኛል፤ አቆማለሁ፤ ደግሞ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ፣ ፈጣን ናት ይላሉ። ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ማሾና ሽንኩርት ይጭናል። ዲምቱን ያገኛት ኮምቦልቻ፣ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ነው። ከሥሯ ዶሮዎች ይተኙ ነበር። ሞተሯ አይነሳም። በገመድ ከጭነት መኪናው ኋላ አስሮ፣ እኔን መሪ አስይዞ፣ እየጎተተ ነው ከሚሴ ያስገባት። እንኳን ልትሮጥ፣ በመንገድ ላይ አንድ አህያ ከኛ እኩል ሄዷል። ዛሬ ድረስ ግን በአስፋልቱ ዳር የሚሸጡት ሰዎች «ያን ቀን እንዴት ነፋስ ሆና እንደገባች!» ይላሉ። ገመዱን ያየ የለም። ቀዩን ነው ያዩት።

ከተነሳች በኋላም ያው ናት። ለብቻዋ ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች። ዳገት ላይ ግን ሚኒባስ ይቀድመናል። ሲቀድመን ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ይጮሃል።

«አቦ፣ ከሰል ጨምርባት!»

«አንተ ቅደም፣ ተሳፋሪ ይጠብቅሃል!» ይላል ወንድሜ።

ሰንበቴ ከተማ ስንደርስ ሰው ይሰበሰባል። «በስንት ደቂቃ ገባችሁ?» ይላሉ። ወንድሜ እውነቱን ይነግራቸዋል። እርስ በርስ ይተያያሉ። «ትራፊክ ፈርቶ ነው የሚደብቅ» ይላሉ። እውነቱን በተናገረ ቁጥር ፍጥነቷ ይጨምር ነበር።

ትራፊኩም ራሱ ያምናል። አንድ ቀን ዳገት ላይ ውሃዋ ፈላ። እኔ ከኋላ፣ ወንድሜ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በትከሻው ከጎን፣ እየገፋናት ነው። ትራፊኩ ከዛፍ ጥላ ወጥቶ ፊሽካውን ነፋ።

«ቀስ በሉ!»

ወንድሜ ቆመ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። «ከዚህ ወዲያ እንዴት ቀስ ልበል ጌታው? ልተኛ?»

ትራፊኩ አየን። መኪናዋን አየ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ የፊት ኮፈኗ ላይ አስቀመጠና አብሮን ገፋ።

ሁለተኛ፣ የጃፓን ቆርቆሮ ናት፣ በአውራ ጣት ትጎደጉዳለች ይላሉ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን፣ የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው፣ በየጊዜው እየመጣ በጣቱ ይጫናታል። አልጎደጎደችም። «ዛሬ ፀሐይ ስላልሞቃት ነው» ብሎ ይሄዳል። ሲሞቅ ይመጣል።

ሦስተኛው የበር ነገር ነው። ይኸ ወንድሜን ሚስት አሳጥቶታል። ሽማግሌ ልከን ነበር። የልጅቷ አባት ሁሉን ሰምተው፣ ዝምድናውን ጠይቀው፣ ሶላቱን ጠይቀው፣ በመጨረሻ «መኪናው ስንት በር ነው?» አሉ። ሁለት ተባሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሁለት በር የገዛ ሰው ልጅ መውለድ አላሰበም።»

ሽማግሌዎቹ ይህን ይዘው ሲመለሱ ወንድሜ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ከዚያ ተናደደ። ከዚያ የፊት ወንበሯን አጥፎ የአክስቴን ልጆች በሙሉ ከኋላ ጠቀጠቃቸው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ጉልበቴ አገጬ ላይ ደርሶ፤ በልጅቷ ቤት ፊት ለፊት አቆመ። አባትየው ወጥተው በመስኮት አዩን። ጊዜ ወስደው አዩን።

«አዎ፣ ገብተዋል» አሉ። «በየት ይወጣሉ?»

እውነቱን ለመናገር ለመውጣት አስቸግሮን ነበር። ልጅቷ ሌላ አገባች። ባሏ መኪና የለውም፤ በቅሎ ነው ያለው። ወንድሜ «በቅሎዋ ስንት በር ናት?» እያለ ዓመቱን ሙሉ ሳቀ።

ደግሞ ነዳጅ አለ። ያገኘን ሁሉ «ስንት ነዳጅ ትጠጣለች?» ነው የሚለው። ዕቃዋም አይገኝም ይላሉ። ሁለቱም ልክ አይደለም። ሞተሯ ተራ ሞተር ነው፤ ወንድሜ ዕቃዋን ካረጀ ፒክአፕ እየፈታ ያስገባላታል። የምትጠጣውም የዚያን ያህል ነው። ቅርጿ ነው እንጂ ሆዷ ስፖርት አይደለም ይል ነበር። አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ይዘናት ወረድን። ግመል የሚነዱ አንድ የአፋር አዛውንት ቆመው ዞሯት። መብራቶቿ የሚከደኑ ናቸው፤ ሲበሩ ከአፍንጫዋ ላይ ብቅ ይላሉ። ወንድሜ አበራላቸው። ግመሎቹ አንገታቸውን መለሱ፤ ሰውየው ግን ፈገግ አሉ።

«ውሃ ትጠጣለች?» አሉት።

ወንድሜ ሄዶ አቀፋቸው። «አባቴ፣ አገር ሁሉ ነዳጅ ሲል፣ ችግሯን የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት!» በቆላው ሙቀት በየመንደሩ እየቆምን ውሃ እየለመንንላት ነበር የወረድነው። ሰውየው ከግመላቸው ጫንቃ ኮዳቸውን ፈትተው ሰጡን።

ከሁሉም በላይ ግን የሞተሩ ነገር ነው። የኋላ መስተዋቷ ላይ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ደረጃ ደረጃ የሆነ፣ እንደ መስኮት መዝጊያ ያለ ነገር አለ። ለጥላ ነው። ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ያለ ሰው ግን መተንፈሻ ነው ብሎ አመነ። መተንፈሻ ካለ ሞተር አለ። ስለዚህ ሞተሯ ከኋላ ነው።

ዲምቱ የተነሳች ሰሞን እናታችን «መኪና ያለ ዱዓ አይነዳም» አለች። በኛ አገር እንዲያ ነው። ሼሁ መጡ፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሼሁ በዙሪያዋ ሄዱና «ልቧ የት ነው? እጄን ልቧ ላይ ላድርግ» አሉ። ወንድሜ አፉን ሳይከፍት ልብስ ሰፊው ቀደመው።

«ከኋላ ነው ሼሁ! ይኸው መተንፈሻዋ!»

ብሎም የኋላ ኮፈኗን ከፈተ። ውስጡ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ክብ ነገር ተኝቷል። ስኮርታ ነው፤ ትርፍ ጎማ። እንዳይንኳኳ ወንድሜ ነው የጠቀለለው። ልብስ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዳይበርደው ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ማሻአላህ አሉ። ሼሁ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፉ፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ዱዓው ረጅም ነበር። አትቃጠል አሉ። መንገድ ላይ አታዋርድ አሉ። በጨነቀ ቀን ትድረስ አሉ። ሁሉም አሚን ይላል። እኔ ወንድሜን አየሁት። ከሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሚን የሚለው እሱ ነው፤ ከንፈሩን ግን ነክሷል።

ሰው ሲሄድ ያዝኩት።

«አያ፣ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ምን ብዬ? ያ ሁሉ ሽማግሌ አሚን ካለ በኋላ?»

«ዱዓው እኮ ለስኮርታ ሄደ!»

«ይሂድ። በወሎ ምድር እንዲህ ዱዓ የወረደለት ጎማ የት አለ?»

ከዚያ ወዲያ ያችን ጎማ አልነካትም። ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታ ፍለጋ በእግሩ ይሄዳል እንጂ እሷን አያወጣትም። «ለክፉ ቀን ትቀመጥ» ይላል። በወር በወሩ ብርድ ልብሱን ያራግፍላታል።

እኔም የተሳሳትኩት ነገር ነበረኝ። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ መንጃ ፈቃድም አወጣሁ። ወንድሜ ይችን መኪና የገዛው መሮጥ ስለሚወድ ይመስለኝ ነበር። ሰው እንዲያ ይል ስለነበር ይሆናል። አንድ ቀን ሜዳው ላይ፣ መንገዱ ጭር ብሎ ሳለ፣ እሱ እንደ ልማዱ ቀስ ሲል «አያ፣ እዚህ እንኳ አትነዳትም?» አልኩት።

«ሳምንቱን ሙሉ በጭነት መኪና ስሮጥ ነው የምውለው» አለ። «ይቺ ለመድረስ አይደለችም።»

ክርኑን መስኮቱ ላይ አድርጎ ነበር። የማሽላው ሽታ ይገባል። ማዶ ለማዶ ሰላምታ የሚሰጡትን አንድ በአንድ ይመልሳል፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። ቀስ ካላለ ሁሉን ሰላም ማለት አይችልም። ለዚህ ነው የገዛት። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። እንዴት ልበለው። እንዲህ ነበር።

እንግዲህ የመጨረሻው ቀን። አጥቦ ጨረሰ። የፊት ወንበሩን ለሼሁ ወደ ኋላ ገፋው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ተቀምጦ ሞከረው፣ እኔንም አስቀምጦ ሞከረው። ትንሽ ትራስ ከቤት ሰርቆ አመጣ። እናቴ ትራሱን አውቃ «ሌባ!» አለችው። ምሳ በላን። ሸራዋን አለበሳት። «ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን» አለኝ።

ማምሻውን ደረቴን አለ። አየር አጠረኝ አለ። መኪናዋን ላውጣ ስል ሌላ ጎረቤታችን ባጃጁን በሩ ላይ አድርሶ ነበር፤ በሱ ሐኪም ቤት ወሰድነው። እቅፌ ውስጥ ነበር። ሐኪሞቹ ሮጡ፣ የሚቻለውን አደረጉ። አልሆነም። ልቡ ነው አሉ።

ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

በማግሥቱ ጠዋት ለዱዓው የተተከለው ድንኳን ለለቅሶ ሆነ። ሰው ከየመንደሩ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የገቡት የአባቴ ዘመድ፣ ከባቲ በኩል፣ አቀፉኝና ጆሮዬ ላይ «የት ላይ ነው የተገለበጠች?» አሉ።

«አልተገለበጠችም» አልኩ። «ልቡ ነው።»

«አይ ዱንያ! ስንት ጊዜ ተነገረው» አሉ። አልሰሙኝም። ቀጥለው የመጡትም «ድልድዩ ላይ ነው?» አሉ። ሌሎቹ ከግመል ጋር ነው የተጋጨው ብለው ሰምተዋል። አንዱም ሌላውን አላረመም። መኪናዋ ግቢ ውስጥ፣ ሸራዋን ለብሳ፣ ከነትራሱ ቆማለች። ወንድሜ ዕድሜውን በሙሉ ቀስ ብሎ ነድቶ፣ አሁን ሲሮጥ የሞተ ሰው ሊሆን ነው። በዚያ ስም ሊቀበር ነው።

አጎቴ ሰብሰብ አድርጎ ያዘኝ። «መኪናዋን ከጓሮ ደብቃት። ሰው ሲያያት ያዝናል። ሼሁን የሚያመጣ ባጃጅ እንልካለን።»

ሴቶቹ ወዳሉበት ገባሁ። እናቴ መሐል ተቀምጣለች። ድምፅዋ አልቋል። ዝቅ ብዬ «እማ፣ ሼሁን ላምጣቸው» አልኳት።

«በምን?»

ቁልፉን አሳየኋት። አየችው። የወንድሜ ነው፤ የቀይ ክር ማሰሪያ አለው። ክሩን በጣቷ ዳበሰችው።

«ቀስ ብለህ» አለችኝ።

ሸራውን ገፈፍኩት። በአንዴ ተነሳች። በከተማው መሐል፣ በአስፋልቱ፣ እሱ እንደሚነዳው፣ ክርኔን አውጥቼ ሄድኩ። ሰዎች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አንዷ ሻጭ ከተቀመጠችበት ተነስታ መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በዐይኗ ዳሰሰቻት። ጭረት ፈልጋ አጣች። እዚያው ሚኒባስ ቀደመኝ። ረዳቱ ወጣ፤ አወቀኝ፤ ሊጮህ የነበረውን ዋጠው። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ሼሁ ነጭ ለብሰው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ አጥራቸው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ለዱዓው እየጠበቁ ነው። ስልክ የላቸውም፤ ወሬው ገና ወንዙን አልተሻገረም። መኪናዋን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ። እንዴት አደርክ ልጄ ነው።

«ነጋ» አልኩ፤ ደህና። አፌ ለምዶት ነው። ከዚያ ቆምኩ። «አይደለም፣ አባባ። ደህና አላደርንም።»

ነገርኳቸው። ኢና ሊላሂ አሉ። መቁጠሪያቸውን ጨብጠው ተቀመጡ። ከዚያ «በል ውሰደኝ» ብለው ተነሱ። ትራሱን ነካ ነካ አድርገው ገቡ። ጉልበታቸው ልክ ገባ።

የድንጋዩን መንገድ ጨርሰን ወደ አስፋልቱ ልንወጣ ስንል የፊት ጎማ ተነፈሰ። ወረድኩ። ጎሚስታ የለም። በእግሬ ልሂድ ብል ወንድሜ ቀትር ላይ፣ በዙሁር ሶላት ይቀበራል። የኋላ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሼሁም ወርደው አጠገቤ መጡ። ብርድ ልብሱን መፍታት ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«ሞተሩን ለምን ታወጣዋለህ?»

ፈትቼ ጨረስኩት። ሼሁ ጎንበስ አሉ። በጣታቸው ነኩት።

«ይኸ ጎማ ነው።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ያኔም ጎማ ነበር?»

«ያኔም።»

«እና ያ ልጅ…» አሉ። «አሚን ይል ነበር እኮ! ከሁሉ በላይ እሱ ነበር የሚጮኸው!»

ሳቃቸው ከየት እንደመጣ አላውቅም። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መኪናዋን ተደግፈው፣ ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ እንባቸው ጢማቸውን እያራሰ ሳቁ። እኔም ክሪኩን እንደያዝኩ መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ አለቀስኩም፤ የትኛው እንደሆነ አልለየሁም።

«እንዳላፍር ነው» አሉ በመጨረሻ። «ምስኪን። እንዳላፍር ብሎ ነው።» ከዚያ ክሪኩን እያዩ «በል እሰር። በጨነቀ ቀን ትድረስ ብዬ ነበር» አሉ።

ስኮርታዋ አየሯ ሙሉ ነበር። አሰርኳት።

ከሚሴ ስንገባ ሼሁ መስኮቱን አስወርደው ለሚያዩን ሁሉ እጃቸውን ያነሱ ነበር። «ቀስ በል» ይሉኛል፤ «ሁሉንም ሰላም ልበላቸው።» መኪናዋን ከጓሮ አላስገባሁም። ድንኳኑ ፊት ለፊት አቆምኳት። ሼሁ ከፊት ወንበር፣ ነጭ ልብሳቸው ሳይቆሽሽ፣ ጥምጥማቸው ሳይዛነፍ ወረዱ። ከባቲ የመጡት ዘመድ ቀረብ አሉ።

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት» አልኩ። «ዙሩና እዩአት።»

ዞሩ። አጎቴም ዞረ። ልብስ ሰፊውም መጣ፤ አውራ ጣቱን አወጣ፤ ከዚያ መልሶ እጁን ኪሱ ከተተ። ማንም የት ተገለበጠች ብሎ ደግሞ አልጠየቀኝም። እናቴ በሴቶቹ በኩል በበሩ ብቅ ብላ አየችኝ።

«ቀስ አልክ?»

«ሚኒባስ ቀደመን፣ እማ።»

ራሷን ነቀነቀች። ዐይኗ ውስጥ ትናንት ጠዋት ወንድሜ ውሃ ሲረጫት የነበረው ነገር ለአፍታ ታየ።

የተነፈሰውን ጎማ በብርድ ልብሱ ጠቀለልኩት፣ ከኋላ አስተኛሁት፣ ኮፈኑን ዘጋሁ። ከዚያ ወንድሜን ልሸከም ገባሁ።